ከግዢው በፊት፦ የጤና ቴክኖሎጂ ግምገማ

የጤና ቴክኖሎጂ ግምገማ አንድ አዲስ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የምርመራ መሣሪያ ወይም የቀዶ ሕክምና ዘዴ በአንድ አገር የጤና ሥርዓት ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ፣ ከገባስ ለየትኞቹ ታካሚዎችና በማን ወጪ ይሰጥ የሚለውን ጥያቄ በማስረጃ ለመመለስ የሚካሄድ የምርምር ዘርፍ ነው። ሥራው ከመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥራ ይለያል፤ ተቆጣጣሪው የምርቱን ፈዋሽነትና ደኅንነት አረጋግጦ ለገበያ ሲፈቅድ፣ ገምጋሚው ደግሞ ምርቱ ቀድሞ ከሚሰጠው ሕክምና በምን ያህል እንደሚሻል፣ ለዚያ ብልጫ ስንት ገንዘብ እንደሚወጣና ያው ገንዘብ ለሌላ ሕክምና ቢውል ኖሮ ምን ያህል ጤና ያስገኝ እንደነበር ይመረምራል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ርኅራኄ የጎደለው ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም የጤና በጀት ምንጊዜም ልክ ስላለው፣ ጥያቄው ባይነሣም መልሱ በተግባር መሰጠቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ ሕክምና የተነፈገው ሰው ማን እንደሆነ ማንም ሳያውቀው መቅረቱ ነው።

ዘርፉ መልክ የያዘው በ1970ዎቹ በአሜሪካ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በራጅ ጨረር ከየአቅጣጫው አንሥቶ በኮምፒውተር ንብርብር ምስል የሚያወጣው መሣሪያ፣ በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ታካሚ ከመረመረ በኋላ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተሽቀዳደሙ ገዙት። ኮንግረሱ በ1972 ያቋቋመው የቴክኖሎጂ ግምገማ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን መርምሮ በ1978 ባወጣው ዘገባ፣ መሣሪያው በሰፊው የተሠራጨው ጥቅሙ በሚገባ በታቀደ ጥናት ሳይመዘን መሆኑን አሳየ። ጽሕፈት ቤቱ በ1995 በጀት ተከልክሎ ቢዘጋም አሠራሩን የአውሮፓ አገሮች ወርሰውት ነበር። ሲቲ ስካን ለዘርፉ መነሻ መሆኑ ተገቢ ነው፤ የመሣሪያው ዋጋ በግዢ ሰነዱ ላይ ከሰፈረው እጅግ የሚበልጥ ሲሆን፣ የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክ፣ የሚቀዘቅዝ ክፍል፣ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅ የራጅ ቱቦ፣ የጥገና ውል፣ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያና ምስሉን የሚያነብ የራዲዮሎጂ ሐኪም ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ውዱ መሣሪያ በተተከለበት ክፍል ተቆልፎበት ይቀራል።

በዚህ ሥራ ይበልጥ የሚታወቀው ተቋም በሚያዝያ 1999 በእንግሊዝ የተመሠረተው ናይስ ነው። ናይስ የሚጠቀምበት መለኪያ ጥራቱ የተመዘነ የሕይወት ዓመት የሚባል ሲሆን፣ በሙሉ ጤና የታለፈ አንድ ዓመት 1፣ ሞት ደግሞ 0 ተብሎ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጤናው ግማሽ ያህል በተጓደለበት ሁኔታ አራት ዓመት የኖረ ሰው ሁለት እንዲህ ያሉ ዓመታት አገኘ ይባላል። ተቋሙ ከሁለት አስርት ዓመታት በላይ በተለምዶ ሲቀበል የኖረው ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ ፓውንድ የሚያስወጣ ሕክምናን ነበር። ገና በተመሠረተበት ዓመት ሬሌንዛ የተባለውን የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት እንዳይታዘዝ ሲመክር አምራቹ ኩባንያ ከአገር እስከ መውጣት ቢዝትም፣ ምክሩ በወቅቱ ጸና፤ በቀጣዩ ዓመት አዲስ ማስረጃ ሲቀርብ ግን መድኃኒቱ በሽታው ሊጠናባቸው ለሚችሉ ሰዎች ተፈቀደ።

የግምገማን ኃይልም ልኩንም አጥርታ የምታሳየው ግን ታይላንድ ናት። አገሪቱ በ2002 ሌላ መድን ያልነበራቸውን ዜጎቿን ሁሉ በጤና ሽፋን ስታቅፍ የኩላሊት እጥበትን ከጥቅሉ ውጭ አድርጋው ስለነበር፣ የመንግሥት ሠራተኛው በራሱ መድን ሲታጠብ ገበሬው ጥሪቱን ይሸጥ ወይም ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ተመራማሪዎች ሁለቱን የእጥበት ዓይነቶች አነጻጸሩ፤ አንደኛው ደም በማሽን ተጣርቶ የሚመለስበት፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ለአራት ሰዓት ያህል በሕክምና ተቋም የሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ታካሚው ራሱ በሆዱ ላይ በተተከለች ቀጭን ቱቦ ሁለት ሊትር ያህል ንጹሕ ፈሳሽ አስገብቶ፣ ፈሳሹ ቆሻሻውን ከደም ከሳበ በኋላ አውጥቶ በአዲስ የሚተካበትና ይህንኑ በቀን አራት ጊዜ ያህል በቤቱ የሚደጋግምበት ነው። በ2007 የታተመው ጥናት ያመጣው ውጤት ከባድ ነበር፤ በአገሪቱ መመዘኛ ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ነገር ግን በሆድ እጥበት መጀመር ከማሽኑ የተሻለ ያዋጣል።

መንግሥት ከዚህ በኋላ ያደረገው ውሳኔ ለዘርፉ ተማሪዎች ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። ቁጥሩ «አያዋጣም» እያለ፣ ሕክምና ቤተሰብን ድኻ ሊያደርግ አይገባም በሚል ፍትሐዊ ምክንያት በ2008 እጥበትን በጥቅሉ ውስጥ አካተተ፤ ሆኖም ጥናቱን ወደ ጎን አልተወውም፤ ከሆድ እጥበት እንዲጀመር ደነገገ፣ ፈሳሹንም በፖስታ አገልግሎት እስከ ታካሚው ደጅ አደረሰ። እጥበት ጣቢያ የሌለበት የገጠር ነዋሪ ሕክምናውን ያገኘው በዚህ ነው። ዘዴው እንከን አልባ አልነበረም፤ ንጽሕናው ሲጓደል የሆድ ዕቃ ሽፋን ይመረቅዛል፤ በማሽን መታጠብ የሚሹ ታካሚዎችም ቅር መሰኘታቸው አልቀረም። በ2022 ምርጫው ለታካሚው ሲተው ወደ ማሽን የሚዞረው ሰው በፍጥነት በዛ፤ የወጪውም ክርክር እንደገና ተከፈተ። ጥናት ውሳኔ ሰጪውን አይተካም፤ ውሳኔው ስንት እንደሚያስከፍልና ለማን እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ ያሳየዋል።

ኢትዮጵያም ወደዚህ መንገድ ገብታለች። በ2019 የተከለሰው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ጥቅል 1,018 አገልግሎቶችን የያዘ ሲሆን፣ ቅደም ተከተላቸው የወጣው የበሽታውን ጫና፣ የወጪውን አዋጭነት፣ ፍትሐዊነትን፣ ቤተሰብን ከድህነት የመጠበቅ አቅምንና የበጀት ጫናን በመሰሉ መስፈርቶች ነው። ከዚህም ጎን ለጎን ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ሥራ ተሠርቷል። የጤና ጉድለትን ክብደት የሚመዝነው ዓለም አቀፍ መጠይቅ መንቀሳቀስን፣ ራስን መንከባከብን፣ የዕለት ተዕለት ሥራን፣ ሕመምንና ጭንቀትን እያንዳንዳቸውን በአምስት ደረጃ ስለሚለካ 3,125 የጤና ሁኔታዎችን ያስገኛል፤ እያንዳንዱ ሁኔታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያውያን ጎልማሶችን ፊት ለፊት እያነጋገሩ፣ ለምሳሌ በብርቱ ሕመም አሥር ዓመት መኖርንና በሙሉ ጤና ከዚያ ያነሱ ዓመታት መኖርን አማርጠው፣ ተጠያቂው ሁለቱ እኩል ናቸው እስኪል ድረስ የዓመታቱን ቁጥር ከፍና ዝቅ ያደርጉ ነበር። ከእነዚህ መልሶች የተገኘው ሚዛን በ2020 ታትሞ ስለወጣ፣ በኢትዮጵያ አንድን አዲስ ሕክምና የሚገመግም ተመራማሪ የሌላ አገር ሰዎች ለሕመም የሰጡትን ክብደት ለመዋስ አይገደድም።