ኤሲ ጋዝ አይጨርስም

የመኪናው ኤሲ ሙቅ አየር መንፋት ሲጀምር ብዙ ሰው ጋራዥ ገብቶ የሚለው «ጋዝ ሙሉልኝ» ነው። ይሞላለታል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ከወራት በኋላ አዋሽን አልፎ ቆላው ሲቀበለው ያው ሙቅ አየር ይመለሳል። ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የሚኖር ነው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። የሾለከበት ሳይገኝ መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በዚያ ላይ በብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው አር 134 ኤ ከባቢ አየርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በክብደት ከሺህ እጥፍ በላይ ይብሳል።

መርፌ ከመወጋታችን በፊት አልኮል ሲቀቡን ክንዳችን ይቀዘቅዛል፤ አልኮሉ የሚተንነው የቆዳችንን ሙቀት ወስዶ ነውና። ኤሲም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ያግለዋል። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭ አየር ያስረክብና ጋዙ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርድና ከዳሽቦርዱ ኋላ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ እየተነነ የመኪናውን ሙቀት ይወስዳል።

ምርመራው ከመሪው ፊት ይጀምራል። የሚወጣው አየር ደካማ ነው ወይስ ብርቱ ሆኖ ሙቅ? ደካማ ከሆነ ጋዙን አይንኩት፤ አቧራ የደፈነው የአየር ማጣሪያ ወይም የደከመ ማራገቢያ ይሆናል። መጀመሪያ ቀዝቅዞ ቆይቶ ከደከመ ደግሞ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቶ ይሆናል።

ብርቱ ሆኖ ሙቅ ከሆነ ኮፈኑን ይክፈቱ። ሞተሩ እየሠራ ሌላ ሰው ኤሲውን ያብራልዎት፤ እጅዎንና ልብስዎን ግን ከችንጋውና ከፋኑ ያርቁ። ማግኔት ክላች ባላቸው መኪኖች የኮምፕሬሰሩ ፊት «ቀጭ» ብሎ መዞር አለበት። ካልያዘ ፊዩዙና ሪሌው ይታዩ። ጋዙ ክፉኛ ሲጎድልም የግፊት መቆጣጠሪያው ክላቹን አያስይዝም፤ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ የሚዞረው ጋዙ ስለሆነ ያለ እሱ ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ይነክሳል። ይህን ጠባቂ በሽቦ ዘሎ ክላቹን በግድ ማስያዝ ትንሹን ብልሽት ትልቅ ማድረግ ነው። በየጥቂት ሴኮንዱ እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የጋዝ ማነስ ነው። እየነዱ ቀዝቅዞ ሲቆሙ የሚሞቅ ከሆነ ግን የኮንደንሰሩን ፋን ይጠርጥሩ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የባለሙያው ነው። ሰማያዊው ጌጅ የዝቅተኛውን፣ ቀዩ የከፍተኛውን ግፊት ያሳያል። ትክክለኛው ቁጥር ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ ዋናው ሁለቱን አጣምሮ ማንበብ ነው። ሁለቱም ካነሱ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከበዙ ከልክ በላይ ተሞልቷል ወይም ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶታል። ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ብለው ከተቀራረቡ ኮምፕሬሰሩ መጭመቅ ተስኖታል። ሰማያዊው ከዜሮ በታች ከወረደ መስመሩ ተዘግቷል፤ ውስጡ የገባ እርጥበት ቫልቩ ላይ በረዶ ሲሠራ እንዲህ ይሆናል።

ጋዙ ሲሾልክ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ወዝ ካዩ ቀዳዳው እዚያው አካባቢ ነው። ደህና ባለሙያ በናይትሮጅን ግፊትና በሳሙና አረፋ ያረጋግጠዋል። ከጠገነ በኋላ አየሩንና እርጥበቱን በቫኪዩም ፓምፕ መጥጦ ያወጣል፤ ጋዙንም በሚዛን ይሞላል። ልኩ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል። በግምት የሚሞላ ጋራዥ ካጋጠመዎት ወረቀቱን አሳይተው «ስንት ግራም ገባ?» ብለው ይጠይቁ።