ግቢን እንደ ሰነድ ማንበብ፦ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ምሳሌነት



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው። ታሪካዊ ግቢን ስንጎበኝ የምናየው የማንን ታሪክ ነው? የታሪክ ተማሪ ሰነድ ሲቀርብለት ማን እንደ ጻፈው፣ መቼና ለማን እንደ ተጻፈ ይጠይቃል። ቤትና ግቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጥያቄ ሳይቀርብላቸው ያልፋሉ፤ የባለቤቱ ስም ይነገረናል፣ ፎቶግራፍ እንነሣለን፣ እንወጣለን። የእኔ አቋም ግን ግቢም ተደራርቦ እንደ ተጻፈበት ብራና ሊነበብ ይገባዋል፣ አንዱን ጽሕፈት ለማጉላት ሌላውን መፋቅም ምስክርን ማጥፋት ነው የሚል ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ስድስት ኪሎ የሚገኘውንና ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እወስዳለሁ። ቦታውን በሙያዬ አውቀው ነበር፤ በአንድ የእረፍት ቀን ግን እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ሄድሁ። ልጆቹ የጠየቁኝ ሦስት ጥያቄዎች በመጽሐፍ ከተማርሁት ቅደም ተከተል ይልቅ ለዛሬው ማብራሪያ ይመቻሉና እነርሱን እከተላለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ቤት የማን ነው?» የሚል ነበር። ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን አንድ አይደለም። ቤቱን ያሠሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ስትይዝ የእንደራሴዋ መቀመጫ ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ታግተው የነበሩ ሹማምንት በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለትምህርት ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀበት። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የተሰለፉት ተማሪዎች የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ። ግቢውን የሰጠው ሥርዓት የቆመበትን የመሬት ስሪት የሚሞግት ድምፅ ከስጦታው ውስጥ ወጣ ማለት ነው። እንግዲህ «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሐቀኛው መልስ «መቼ?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ሴት ልጄ በግቢው ከቆመው ጠመዝማዛ ደረጃ ሥር ሆና ጠየቀች፤ «ይህ ደረጃ ወዴት ያስወጣል?» አለችኝ። የትም አያስወጣም። ኢጣልያውያን ያቆሙት የፋሺዝምን የሥልጣን ዘመን እንዲቆጥርላቸው ነው፤ ሙሶሊኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ እያንዳንዱ እርከን አንድ ዓመትን ያመለክታል። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እናቴ ቀና ብላ አይታ «ባይፈርስ ይሻላል፤ ያለዚያ አንበሳው ምን እንደ ረገጠ ማን ያውቃል?» አለች። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች በረጅሙ የሚያብራሩትን በአጭሩ ተናገረችው። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ አንበሳው ተራ ጌጥ በሆነ ነበር፤ አንበሳው ባይቀመጥ ኖሮ ደግሞ ደረጃው የወራሪ ሐውልት እንደ ሆነ በቀረ ነበር። ትርጉሙ የሚገኘው ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የመጣው ከቤቱ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንደ ነበረ ካቆየው የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ነው። ታናሹ ልጄ አልጋውን ሲመለከት ቆይቶ «አልጋውን ማን ያነጥፍ ነበር?» አለኝ። ታሪካዊ ግቢዎች በአብዛኛው ዝም የሚሉት እዚህ ላይ ነው። አሳላፊው፣ ወጥ ሠሪዋ፣ አትክልተኛው፣ ዘበኛው ቤቱን በየቀኑ ቤት ያደረጉት ሰዎች ናቸው፤ ግን በራሳቸው ስም የሚጠራ ክፍል የላቸውም።

ይህ ዝምታ ከቤት ሠራተኞች አልፎ ይሄዳል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ በመወለዱ ምክንያት በዚህ ግቢ ለድሆች ምጽዋት ያድል ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲጥሉበት ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ተኩሱ መጀመሪያ ያረፈው ለምጽዋት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ነበር፤ ጭፍጨፋው ከዚያ ወደ ከተማው ተዛምቶ ሦስት ቀን ቆየ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አቅርቧል፤ ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምብል በበኩሉ ወደ 19,000 ይገምታል። በቁጥሩ ላይ መከራከር የምሁራን ተገቢ ሥራ ነው። ሆኖም የቦምብ ወርዋሪዎቹን ስም ስናውቅ፣ የምጽዋቱን ሰጪ ስም ስናውቅ፣ እጃቸውን ዘርግተው በዚህ ግቢ የወደቁትን ድሆች በስም አለማወቃችን ሊያሳስበን ይገባል። በአደባባዩ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ሁሉንም በአንድነት ያስባቸዋል፤ አንድ በአንድ የመፈለጉ ሥራ ግን የተመራማሪ ድርሻ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገር ለተማሪዎቻችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አንድን ታሪካዊ ግቢ ስትገልጹ የመጀመሪያውን ባለቤት ብቻ ሳይሆን ቤቱ እጅ የለወጠባቸውን ዘመናት ሁሉ መዝግቡ። ሁለተኛ፣ የሚያስከፋ አሻራ ስታገኙ ይፍረስ ከማለታችሁ በፊት ከእርሱ ጋር አብሮ የሚጠፋው ምላሽ ምን እንደ ሆነ መርምሩ። ሦስተኛ፣ በግቢው የሠሩትንና ያገለገሉትን፣ በሕይወት ካሉም ራሳቸውን፣ ከሌሉም ልጆቻቸውን ጠይቁ፤ የቃል ታሪክ እንደ ድንጋይ አይቆይምና።

በከተማችን አሮጌ ሕንፃዎች በሚፈርሱበት በዚህ ዘመን ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሊሆን አይችልም። ሕንፃው ከቆመ የዘገየ ተመራማሪም ይደርስበታል፤ ከፈረሰ ግን በእጃችን የሚቀረው አስቀድመን የመዘገብነው ብቻ ነው።