ደን በጠበበ ቍጥር የፍጥረት ዓይነት ስለ መጉደሉ

ከሚዛን ተፈሪ፥ ዛሬ ሚዛን አማን ከምትባለው ከተማ፥ እስከ ቴፒ ያለው አገር በቡናው የታወቀ ነው። ነገር ግን ቡናው ብቻውን አይኖርም፤ ከበላዩ ቀረሮና ዋንዛ፥ ከአጠገቡ ኮረሪማና ጥምዝ፥ በቅርንጫፉም ጉሬዛና ንብ ይኖራሉ። ይህ ደን በእርሻ፥ በመንገድና በሰፈር እየተከፋፈለ በብዙ ስፍራ እንደ ደሴት ቀርቷል። ስለዚህ ምንጣሮ የሚፈቅድ ሹም ወይም ባለይዞታ፥ የሚመነጠረው ስንት ሄክታር እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ ከምን ያህል ደን ላይ እንደሚቀነስ ጭምር ሊመረምር ይገባዋል።

የስዊድኑ ሊቅ ኦሎፍ አሬኒየስ በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የቦታ ስፋትና የዕፅዋት ዓይነት ብዛት የሚያያዙበትን ሥርዓት በቀመር ጻፈ። በ1967ም የአሜሪካ ሊቃውንት ሮበርት ማካርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን ስለ ደሴቶች በጻፉት መጽሐፍ ነገሩን አስፋፉት።

ሥርዓቱ በምሳሌ ሲገለጥ እንዲህ ነው። በ1,000 ሄክታር ደን ውስጥ 100 የዛፍ ዓይነት አለ እንበል። ለደሴት በተለመደው ስሌት ደኑ ወደ 500 ሄክታር ሲወርድ 81 ያህል፥ ወደ 100 ሲወርድ 50 ያህል፥ ወደ 10 ሲወርድ 25 ያህል ዓይነት ይቀራል። እንግዲህ የመጀመሪያው 500 ሄክታር ሲጠፋ የጐደለው 19 ዓይነት ነው፤ በመጨረሻው ግን 90 ሄክታር ብቻ ሲመነጠር 25 ዓይነት ይጠፋል። የፊተኛው ምንጣሮ ጉዳቱ ቀላል መስሎ ያታልላል፤ ከሁሉ የምትከብረው የቀረችው ቍራጭ ደን ናት።

ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። የፓናማ ቦይ በ1914 ሲከፈት፥ ለቦዩ በተገደበው ውሃ የተከበበው ባሮ ኮሎራዶ የተባለ ኰረብታ 1,500 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ደሴት ሆነ። ከ1923 ጀምሮ ደኑ ቢጠበቅም፥ በኋላ ዘመን በርካታ የወፍ ዓይነቶች ከዚያ ጠፍተዋል።

በቡና አገር ይህ ነገር የኑሮ ጉዳይ ነው። በ1971 የቡና ፍሬን የሚያበላሽ በሽታ በኢትዮጵያ በታየ ጊዜ፥ እንደ 74110 ያሉት በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የተመረጡት ከኢሉባቦር አካባቢ ከተገኘ ቡና ነው። የቡናው ልዩ ልዩነት ከደኑ ጋራ ቢጠፋ ኖሮ መድኃኒቱም ባልተገኘ ነበር።

የካፋ ደን በ2010፥ የሸካ ደን በ2012 በዩኔስኮ የተጠበቀ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገብ ግን ብቻውን ደን አይጠብቅም። አዲስ የቡና እርሻ አስቀድሞ በተመነጠረ መሬት ላይ ይሁን፤ ከደን ወደ ደን የሚያደርሰው የወንዝ ዳር ዛፍ አይቈረጥ፤ ሥሩ ተመንጥሮ ለጥላ ጥቂት ዛፍ የቀረለት የቡና ቦታም እንደ ሙሉ ደን አይቈጠር። አንዱን ሰፊ ደን ሳይከፋፈል ማቈየት፥ በኋላ ብዙ ቍርጥራጭ ከመጠበቅ ይቀላልም፥ ይጠቅማልም።