ለጨዋታ የሚሆን የቤት ኢንተርኔት እንዴት ይመረጣል?

በሎንዶን ከተማ በምንኖር ቤተሰቦች ዘንድ የኢንተርኔት ክፍያ ከቤት ኪራይ፣ ከመብራትና ከጋዝ ጋር በየወሩ የሚታሰብ ወጪ ከሆነ ሰንብቷል። ውሉን የሚፈርመው ወላጅ ነው፤ ስለ መስመሩ ጠባይ የሚያውቀው ግን ብዙውን ጊዜ ልጁ ነው። አባት ዋጋውን ይጠይቃል፤ ልጅ ፍጥነቱን ይጠይቃል፤ በስልክ የሚያነጋግረን የኩባንያው ሰው ደግሞ ለሁለቱም አንድ መልስ አለው፤ ይኸውም ከሁሉ የሚበልጠውን ቁጥር ውሰዱ የሚል ነው። እኛም በዚህ ምክር ተመርተን የፈጸምነውን ስሕተት ለአንባቢዎቻችን ብንገልጽ፣ ሌላው ቤት ገንዘቡንም ሰላሙንም ሳያጣ ይመርጥ ዘንድ ይረዳው ይሆናል ብለን አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2022 ልጃችን የአሥራ አምስት ዓመት ወጣት ሳለ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት የእግር ኳስ ጨዋታ ይጫወት ነበር። እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ተቀምጠው በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ነገር ግን ማታ ማታ ኳሱ ወደ ግቡ ሲቃረብ ሥዕሉ ድንገት ይቆማል፤ ሲመለስም ኳሱ በተጋጣሚው እግር ሥር ሆኖ ይገኛል። ልጁ «አባዬ፣ መስመራችን ይዘገያል» እያለ ደጋግሞ ነገረን። እኛ ግን የተሸነፈ ተጫዋች ሜዳውን ይወቅሳል ብለን ሳቅንበት። ጓደኞቹም በእርሱ ምክንያት መሸነፍ ሰልችቷቸው ከቡድናቸው አስወጡት። እርሱም ቤተሰቡ ሁሉ ሲተኛ መስመሩ ደኅና መሆኑን ስለ ደረሰበት፣ በሌሊት እየተነሣ ብቻውን መጫወት ጀመረ። ይህን ያወቅነው በክፍል ውስጥ እንደሚያንቀላፋ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ በመጣ ጊዜ ነው። ተቈጣን፤ መጫወቻውንም ለሁለት ሳምንት ቈለፍንበት።

በመጨረሻ ባለቤታችን «ልጁ መዋሸት አያውቅም፤ ነገሩ ይመርመር እንጂ» ብትለን፣ ምርመራው ገንዘብ መጨመር መስሎን ወደ አንድ ኩባንያ ደወልን፤ እስከዚያ ስንከፍል ከነበረው እጥፍ የሚሆን ዋጋ ያለውንም መስመር ለ24 ወር ተዋዋልን። በማስታወቂያው ላይ «ፋይበር» የሚል ቃልና አንድ ታላቅ ቁጥር ተጽፎ ነበርና ከዚያ በላይ አልጠየቅንም። መስመሩ በገባበት በመጀመሪያው ማታ ጨዋታው እንደ ቀድሞው ቆመ።

ምክንያቱን ያገኘው ልጁ ራሱ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ጨዋታው የሚቆምበትን ደቂቃ በደብተር እየጻፈ ቆየና አንድ ማታ ከክፍሉ ወጥቶ «እማዬ፣ ስልክሽን አሁን ቻርጅ ላይ ሰካሽው እንዴ?» ሲል ጠየቃት። እርሷም አዎን አለችው። የእናቱ ስልክ በዋይፋይ ላይ ሆኖ ኃይል ሲሞላ፣ በቀን ያነሣችውን ፎቶግራፍና ቪዲዮ ሁሉ በራሱ ፈቃድ ወደ ማከማቻው መላክ ይጀምራል። የተዋዋልነው መስመር ከውጭ ወደ ቤት ለሚመጣው (ዳውንሎድ ለሚባለው) ሰፊ፣ ከቤት ወደ ውጭ ለሚሄደው (አፕሎድ ለሚባለው) ግን ጠባብ ነበር። ሃምሳ ጭነት አህያ በጠባብ በር ሲያልፍ አንድ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ ከኋላ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ የልጁ ትንንሽ የጨዋታ መልእክቶችም ከእናቱ ፎቶግራፎች ኋላ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር።

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። የኢንተርኔት ኩባንያዎች ፍጥነት ብለው የሚጠሩት በአንድ ሴኮንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚያልፍ ነው፤ ይህም የመንገዱ ስፋት እንጂ የመልእክተኛው ቅልጥፍና አይደለም። ጨዋታው ራሱ በሚካሄድበት ጊዜ የሚያስፈልገው ስፋት እጅግ ጥቂት ነው፤ ፊልም ከማየት ያነሰ ነው። ለተጫዋች የሚቈጠረው ግን አንድ መልእክት ከቤቱ ወጥቶ ጨዋታውን ወደሚመራው ኮምፒውተር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ይህንን ተጫዋቾች «ፒንግ» ይሉታል፤ የሚለካውም በሚሊሴኮንድ፣ ማለት በሴኮንድ አንድ ሺኛ ነው። ከ20 በታች ቢሆን እጅግ መልካም ነው፤ እስከ 50 ድረስ ብዙ አያስቸግርም፤ ከ100 በላይ ሲሆን ፈጣን ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ይታወቀዋል። ከዚህም የሚብሰው አለመርጋቱ ነው። ፒንጉ ዘወትር 40 ቢሆን እጅ ይለምደዋል፤ አንድ ጊዜ 15፣ አንድ ጊዜ 200 ሲሆን ግን ምንም ልምምድ አያድነውም። የእኛም መስመር ሕመም ይኸው ነበር።

ከርቀት የሚመጣውን መዘግየት የትኛውም ኩባንያ አያስቀርም። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ደርሶ መልሱ ቢያንስ አንድ ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። የጨዋታው ኮምፒውተር በሎንዶን ወይም በአምስተርዳም ወይም በፍራንክፈርት ቢሆን ይህ ቀላል ነው። ልጃችን ግን አዲስ አበባ ካለው የአክስቱ ልጅ ጋር ለመጫወት በፈለገ ጊዜ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 5,900 ኪሎ ሜትር ያህል ስላለ፣ ክሩ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ 59 ሚሊሴኮንድ የግድ ነው። ክሩ ግን ባሕርና አገር ዞሮ ስለሚሄድ በእውነቱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ውድ ውል የሚፈርም አባት ቢኖር ገንዘቡን ለአውሮፕላን ትኬት ቢያጠራቅመው ይሻለዋል።

እንግዲህ «ፉል ፋይበር» የሚባለው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት «ፋይበር» ተብሎ የተሸጠው አብዛኛው መስመር፣ የመስታወቱ ክር በመንገድ ዳር እስከ ቆመው አረንጓዴ ሣጥን ብቻ የሚደርስበትና ከዚያ እስከ ቤት ያለው የድሮ የመዳብ ስልክ ሽቦ የሆነበት ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ መጨረሻው የቴሌቪዥን ገመድ የሆነ ነው፤ ይህኛው ብዙ ያወርዳል፤ የሚሰቅለው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የእኛም ይህ ነበር። ፉል ፋይበር ማለት ክሩ ሳይቋረጥ እስከ ቤት ግድግዳ ድረስ የሚገባ ነው። መዳብ በርቀት ይደክማል፤ በመስታወቱ ክር ላይ ግን መዘግየቱ አነስተኛ፣ ይልቁንም የረጋ ነው፤ የአፕሎዱም በር ይሰፋል።

በቃሉ አጠቃቀም ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሲቲፋይበር የተባለው የመስመር ዘርጊ ድርጅት፣ ግማሹ መዳብ የሆነውን መስመር ፋይበር ብሎ ማስተዋወቅ ሕዝብን ያሳስታል ብሎ ቢከስ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 ክሱን ውድቅ አደረገው። በኋላ ግን የመገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ኩባንያዎች ውል ሲያዋውሉ ክሩ እስከ ቤት ላልደረሰ መስመር ይህን ቃል እንዳይጠቀሙበት ተደርጓል። እኛ የተዋዋልነው ከዚያ በፊት ነበር።

ስለ ኩባንያዎች ምርጫ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ክሩን የሚዘረጋውና ውሉን የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ቢቲ፣ ስካይ፣ ቮዳፎን፣ ቶክቶክ፣ ዜን የሚባሉት ሁሉ በኦፕንሪች ክር ላይ ይሸጣሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በሲቲፋይበር ክር ላይ ደግሞ ይሸጣሉ። በሎንዶን ከተማ ኮሚዩኒቲ ፋይበርና ሃይፐሮፕቲክ የተባሉት የራሳቸውን ክር በብዙ የጋራ ሕንፃዎች ውስጥ አስገብተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ይሻላል ሳይሆን በእኛ በር ላይ የማን ክር አለ የሚል ነው። በኦፍኮም ቆጠራ በሐምሌ 2024 ፉል ፋይበር ሊገባላቸው የሚችሉት ከአገሩ ቤቶች ከመቶ 69 ነበሩ። በኪራይ አፓርታማ የሚኖር ሰው ሕንፃው ክር ከሌለው የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ይህም ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ክሩ ካለ ግን፣ ስለ ዳውንሎዱ ከመጠየቅ አስቀድሞ ስለ አፕሎዱ መጠየቅ ይገባል። በኦፕንሪች ክር ላይ 150 ሜጋቢት የሚያወርደው ውል የሚሰቅለው 30 ገደማ ሲሆን፣ በሌሎቹ አዳዲስ ክሮች ላይ ግን ሁለቱ እኩል የሆኑ ውሎች ይገኛሉ። ቀጥሎ የሚጠየቀው የቤቱ የኢንተርኔት አድራሻ የብቻ መሆን አለመሆኑን ነው። አንዳንድ አዳዲስ ኩባንያዎች አድራሻ ስለሚያጥራቸው አንዱን ለብዙ ቤቶች ያካፍላሉ። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደል፤ ተጫዋች ግን ከጓደኞቹ ጋር በድምፅ መነጋገር ወይም ጨዋታ ራሱ ከፍቶ ሌሎችን መጋበዝ ሊሳነው ይችላል። በፕሌይስቴሽን ላይ «ናት ዓይነት 3»፣ በኤክስቦክስ ላይ «ስትሪክት» የሚል ጽሑፍ ከታየ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በጥቂት ተጨማሪ ክፍያ የብቻ አድራሻ የሚሰጡ አሉና ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነው።

ስለ ቁጥሩ መጠን የእኛ አሳብ ከሻጮቹ ይለያል። ትልቁ ቁጥር የሚጠቅመው አዲስ ጨዋታ በሚወርድበት ቀን ነው። 100 ጊጋባይት የሚመዝን ጨዋታ በ150 ሜጋቢት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ በ900 ሜጋቢት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ልጁ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ አንድ ሰዓት እንዳይጠብቅ ብሎ በየወሩ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለአንዳንዱ ቤት ተገቢ ይሆን ይሆናል፤ እኛ ግን አላየነውም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበሉ ቤተሰቦች ደግሞ በርካታ ኩባንያዎች «ሶሻል ታሪፍ» የሚሉትን የቅናሽ ውል መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ውል በፉል ፋይበር ላይ ከተገኘ፣ ቁጥሩ ቢያንስም ለጨዋታ ይበቃል። ይህን መብት ሳያውቁ ሙሉ ዋጋ የሚከፍሉ ወገኖች ስላሉ ለጎረቤት ቢነገር መልካም ነው።

በውሉ ነገር የደረሰብን ጉዳት ከሁሉ የመረረ ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገን ውል በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ እንደሚቻል አናውቅም ነበር። ቀኑም የሚቈጠረው ውሉ ከተፈጸመበት ዕለት ጀምሮ ነው። መስመሩ የገባው በ12ኛው ቀን ሲሆን፣ ምክንያቱን አውቀን የደወልነው በ20ኛው ቀን ነበር። ለመውጣት የቀሩትን ወራት ክፍያ መክፈል እንደሚያስፈልግ ተነገረን። በሚያዝያ 2023 ደግሞ ብዙዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች በኑሮ ውድነት ስሌት ዋጋቸውን ከመቶ 14 ያህል ሲጨምሩ የእኛም አብሮ ጨመረ። ከጥር 17 ቀን 2025 ወዲህ ለሚደረጉ ውሎች ግን ጭማሪው ስንት ፓውንድና ስንት ፔኒ እንደ ሆነና መቼ እንደሚጀምር አስቀድሞ በግልጥ እንዲነገር ኦፍኮም አዝዟል። ስለዚህ ሲዋዋሉ የመጀመሪያውን ወር ዋጋ ሳይሆን የ24ቱን ወር ድምር በወረቀት ላይ መጻፍ ይበጃል።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ያደረግነው ሁሉ በቤት ውስጥ ነበር። ራውተሩ በመግቢያው በር አጠገብ፣ የልጁ ክፍል ደግሞ ከሁለት ግድግዳ በስተኋላ ነው። ዋይፋይ በግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ይደክማል፤ ከጎረቤቶችም ዋይፋይ ጋር ይጋፋል። ልጁ 15 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ገዝቶ በኮሪደሩ ግድግዳ ግርጌ ዘረጋው። ገመዱ ብዙ ዋጋ የለውም፤ ካት 5ኢ የሚባለው ዓይነት እንኳ ለማንኛውም የቤት ጨዋታ ይበቃል። የእናቱም ስልክ ፎቶግራፎቿን ጠዋት፣ ልጁ በትምህርት ቤት ሳለ እንዲልክ ተደረገ። ጨዋታው ከዚያ ወዲህ የቆመው ጥቂት ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ ያለ አዲስ ውል ማድረግ ይቻል እንደ ነበር ስናስብ ዛሬም ያንገበግበናል።

ውሉ በ2024 ጥቅምት ሲያበቃ ወደ ፉል ፋይበር ተዛወርን። ከዚያው ዓመት መስከረም 12 ቀን ጀምሮ ደንበኛ አዲሱን ኩባንያ ብቻ አነጋግሮ እንዲዛወር የሚያስችል ሥርዓት ስለ ወጣ፣ ከአሮጌው ኩባንያ ጋር ክርክር አልነበረብንም። የተዋዋልነው 150 ሜጋቢት የሚያወርደውን ነው፤ ዋጋው ከቀድሞው በእጅጉ ያነሰ ነው። አንድ ነገር ብቻ እናስታውስ፤ በዚህ መስመር የቤት ስልክ በራውተሩ በኩል ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በቤቱ ውስጥ የእርዳታ መጥሪያ የተሰጠው ሽማግሌ ወይም በሽተኛ ካለ ይህን ለኩባንያው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ቴክኒሻኑ ሥራውን ጨርሶ በወጣበት ማታ ልጃችን ጠራንና በቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ ቁጥር አሳየን፤ 11 ይላል። እናቱ ስልኳን ሆን ብላ ቻርጅ ላይ ሰካችው፤ ቁጥሩ ወደ 13 ከፍ ብሎ ተመለሰ። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ሳቅንበትና ስለ ቈለፍንበት ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱ ግን ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ «አባዬ፣ ትንሽ ቆይ፤ ቅጣት ምት አግኝቻለሁ» አለን።