የጃፓን አዲስ ዓመትና የውጭ አገር መምህራን

ጃፓን አዲሱን ዓመት የምትቀበለው ጃንዋሪ 1 ቀን ነው። ቀድሞ ከቻይና በተወሰደው፣ የጨረቃንም የፀሐይንም ዑደት በሚከተለው ቀመር ትመራ ነበር፤ የሜይጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1873 የግሪጎርያኑን አቆጣጠር ሲያጸድቅ በዓሉም አብሮ ተዛወረ። በዚህ ምክንያት ከምዕራቡ ዓለም ሄዶ እዚያ ለሚያስተምር ሰው ቀኑ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆንበት አከባበሩ ነው። በለመደው አገር የዋዜማው ሌሊት የርችትና የጎዳና ጭፈራ ነው፤ በጃፓን ግን ሰው ወደ ወላጆቹ ቤት ይሰበሰባል፣ ከተማውም ጭር ይላል። ዘመድ የሌለው ሰው ወደዚህ በዓል የሚገባው በሥራ ባልደረቦቹ በኩል ነው።

የእነዚህ መምህራን ቁጥር ቀላል አይደለም። የጃፓን መንግሥት ጄት የተባለውን መርሐ ግብር በ1987 ሲጀምር ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ 848 ወጣቶችን አስመጣ። ዛሬ ከ5,000 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጃፓናዊው መምህር ጎን ቆመው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ረዳቶች ናቸው። ብዙዎቹ የሚመደቡት ቶኪዮ ሳይሆን ገጠርና ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ነው። በጃፓን በጋ (በጁላይና በኦገስት) ገብተው ገና ሳይላመዱ ዲሴምበር ይደርስባቸዋል። የገና በዓል በጃፓን የሥራ ቀን መሆኑም ሌላ ብስጭት ነው።

የበዓሉ መንፈስ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ከበዓሉ በፊት ነው። ክፍሎች ከመዘጋታቸው አስቀድሞ ተማሪዎችና መምህራን ግቢውን አብረው ያጸዳሉ። መምህራኑ ደግሞ ቦኔንካይ የሚባል የዓመቱ መሸኛ ግብዣ በመዋጮ ያዘጋጃሉ። በዚህ ማዕድ ለራስ መቅዳት ነውር ነው፤ ጎን የተቀመጠው ይቀዳል፣ የተቀዳለትም በተራው ይቀዳል። ሙሉ ዓመት ከሰላምታ ያላለፈ ርዕሰ መምህር ጠርሙስ ይዞ ወንበር ለወንበር ሲዞር የሚታየው ያን ዕለት ነው። የበዓል ጥሪም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወለዳል።

ሌላው መንገድ ኔንጋጆ የተባለው የመልካም ምኞት ፖስትካርድ ነው። ከዲሴምበር 15 እስከ 25 ባለው ጊዜ ፖስታ ቤት የገባ ካርድ ተጠብቆ ይቆይና ጃንዋሪ 1 ጠዋት በየቤቱ ይታደላል። በግርጌው የሎተሪ ቁጥር አለው፤ ዕጣው በዚያው ወር ይወጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ4 ቢሊዮን በላይ ይታተም ነበር፤ የእጅ ስልክ መልእክት እየተለመደ ሲመጣ ግን በእጅጉ ቀንሷል። በዚያ ዓመት ሐዘን ለደረሰበት ቤት ካርድ አይላክም። ቤተሰቡ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ሳያስበው ቁስል ይነካል። የእንኳን አደረሰህ ሰላምታውም ቢሆን ዓመቱ ሳይገባ አይባልም።

ከዲሴምበር 29 እስከ ጃንዋሪ 3 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዝግ ናቸው፤ በገጠር ብዙ ሱቆችም እንዲሁ። ስለዚህ ገንዘብና ምግብ ቀድሞ ማዘጋጀት ይበጃል። አንዳንዱ መምህር ወደ አገሩ ወይም ወደ ታይላንድ ይበርራል፤ ችግሩ የአውሮፕላን ትኬት የሚወደደው በዚያው ሳምንት መሆኑ ነው።

የቀረና የተጋበዘ ሰው ዋዜማውን ቴሌቪዥን ፊት ያሳልፋል። ኮሃኩ የተባለው የዘፈን ውድድር ከ1951 ጀምሮ የሚተላለፍ ነው። ባክዊት በተባለ እህል ዱቄት የተሠራ ረጅም ፓስታ በሾርባ ይበላል፤ እኩለ ሌሊት ላይ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ደወላቸውን 108 ጊዜ ይደውላሉ። በማግስቱ ኦሴቺ ይቀርባል። ቀደም ብሎ ተሠርቶ በሣጥን የሚደረደር ቀዝቃዛ ምግብ ነው፤ የዓሣ ዕንቁላሉ የልጆች ብዛት፣ ሽሪምፑ ረጅም ዕድሜ ተብሎ ይተረጎማል። ጣዕሙን ወዲያው የሚወድ የውጭ ሰው ጥቂት ነው። ሞቺ የሚባለው የተወቀጠ የሩዝ ሊጥ ግን ይጥማል፤ ሆኖም ስለሚያንቅ በየዓመቱ አረጋውያን ሆስፒታል ይገቡበታል። ልጆች ከዘመዶቻቸው በትንሽ ፖስታ ገንዘብ ይቀበላሉ። የኢትዮጵያ ልጅ በእንቁጣጣሽ ሥዕሉን ሰጥቶ ወይም አበባየሆሽ ብሎ የሚያገኘውን የጃፓኑ ልጅ እጁን ዘርግቶ ብቻ ያገኘዋል። ቤተሰቡ ከዚያ ወደ ሺንቶ መቅደስ ይሄዳል፤ ቶኪዮ የሚገኘው ሜይጂ መቅደስ በሦስት ቀን ብቻ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ያስተናግዳል።

ትምህርት ጃንዋሪ 7 ወይም 8 ገደማ ይከፈታል፤ ብርዱ በሚበረታበት በሆካይዶ ከዚያም ይዘገያል። ተማሪዎች ለዕረፍት ሥራ በብሩሽ የጻፉት የዓመቱ የመጀመሪያ ጽሑፍ ኮሪደር ላይ ይለጠፋል፤ የእንግሊዝኛው መምህርም በአገሩ በዓሉ እንዴት እንደሚከበር ያስረዳል። ይሁን እንጂ ለትምህርት ቤቱ ዓመቱ የሚለወጠው ያኔ አይደለም። መስከረም አዲስ ዓመትንም አዲስ የትምህርት ዘመንንም ይዞ ከሚመጣበት ከኢትዮጵያ በተለየ፣ የጃፓን የትምህርት ዘመን የሚጀምረው ኤፕሪል ላይ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚዘዋወሩና ዝውውሩም የሚታወቀው በማርች መጨረሻ ስለሆነ፣ በጃንዋሪ ቤቱ ጋብዞ ያበላው ባልደረባ በኤፕሪል ሌላ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።