የርዕደ መሬት መዝገብ ትክክለኛ ሰዓት

ርዕደ መሬት የተነሣበት ቦታ የሚታወቀው በሰዓት ነው። ንዝረቱ እየራቀ ሲሄድ ወደየመመዝገቢያ ጣቢያው በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ፣ ሶፍትዌሩ የመድረሻ ሰዓቶቹን አነጻጽሮ መነሻውን ያሰላል። ፈጣኑ ሞገድ በምድር ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ የአንድ ጣቢያ ሰዓት በ1 ሰከንድ ቢዛነፍ ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የርቀት ስህተት ይፈጠራል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው ርዕደ መሬት እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። በስምጥ ሸለቆው ላይና በጠርዙ ለሚኖር ሕዝብ፣ ከአዳማ እስከ ሁሩታ፣ የትኛው ስንጥቅ እንደተንቀሳቀሰ ማወቅ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ዕውቀቱም በሰከንድ ክፍልፋይ ላይ የተመሠረተ ነው።

መመዝገቢያው የራሱ የኳርትዝ ሰዓት አለው። ኳርትዝ ግን በሙቀትና በቅዝቃዜ ፍጥነቱ ይለዋወጣል። ከሚሊዮን 10 እጅ ብቻ ቢዛነፍ በቀን 0.86 ሰከንድ ይሳሳታል። ስለዚህ ሰዓቱ በጂፒኤስ ሳተላይቶች እየታየ ይስተካከላል። የጂፒኤስ ሰዓት በዓለም መደበኛ ሰዓት (ዩቲሲ) ላይ አልፎ አልፎ የሚጨመረውን ሰከንድ አይቀበልም፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በ18 ሰከንድ ይቀድማል። አንዱ ጣቢያ ይህን አስተካክሎ ሌላው ሳያስተካክል ቢቀር ስሌቱ ይፈርሳል።

መሣሪያው በሰከንድ 100 ልኬት ቢወስድም ሰዓት የሚጻፈው ለእያንዳንዱ ልኬት አይደለም። ልኬቶቹ በምድብ በምድብ ይቀመጣሉ፤ የእያንዳንዱ ምድብ መጀመሪያ ሰዓት ብቻ ይጻፋል፤ የቀሩትን ሶፍትዌሩ ከልኬት ፍጥነቱ ያሰላል። ፍጥነቱ በትክክል 100 ካልሆነ ስህተቱ ከልኬት ወደ ልኬት ይጠራቀማል።

የሳተላይቱ ምልክት ሲቋረጥ ሰዓቱ ብቻውን ይነጉዳል። ምልክቱ ሲመለስ ልዩነቱ ይለካና በተቋረጠበት ጊዜ ላይ በእኩል ይከፋፈላል። ይህ መዛነፉ ወጥ እንደነበር የሚገምት ስሌት ነው፤ የሙቀቱ መለዋወጥ ከፍተኛ ከነበረ ስህተት ሊቀር ይችላል። በመሆኑም የመጀመሪያው ሰዓት አይሰረዝም፤ እርማቱና የእርግጠኝነቱ መጠን ለብቻቸው ይመዘገባሉ፣ የተሻለ ዘዴ ሲገኝም ስሌቱ እንደገና ይሠራል።

መዝገቡ ሁልጊዜ በዩቲሲ ይቀመጣል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ በአገሬው አቆጣጠር ደግሞ የቀኑ ቆጠራ ከንጋት፣ የሌሊቱ ከምሽት ይጀምራል። የሁሩታ ነዋሪ ከሌሊቱ 7፡30 የተሰማውን ንዝረት ሶፍትዌሩ የሚያገኘው በቀደመው ቀን፣ 22፡30 ላይ ነው። የነዋሪዎች ምስክርነት ከመሣሪያው ልኬት ጋር እንዲገናኝ ሰዓቱም ቀኑም አብረው መለወጥ አለባቸው። ወደ አገሬው ሰዓትና ዘመን የሚመለሰውም ውጤቱ ለአንባቢ ሲቀርብ ብቻ ነው።