የአሮጌ መኪና ማሞቂያ ማራገቢያ ለምን ይቆማል? እንዴትስ ይጠገናል?

በክረምት ወራት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መኪና የሚያሽከረክር ሰው ከሚገጥሙት ፈተናዎች አንዱ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል በጉም መሸፈኑ ነው። ብዙዎች በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው በሌላው በጨርቅ ይወለውሉታል፤ ጉሙ ግን ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። በዚህ መካከል መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የማሞቂያ ማራገቢያ ጉዳይ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማራገቢያውን አሠራር፣ የብልሽቱን መንስኤና የጥገናውን መንገድ በክፍል ውስጥ ከምንማረው ፊዚክስ ጋር እያገናዘብን ለማየት እንሞክራለን።

ጉሙ ከየት ይመጣል?

ከተሳፋሪዎች ትንፋሽና ከረጠበ ልብስ የሚወጣው የውሃ ተን ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለወጣል። አየር ሊይዝ የሚችለው የተን መጠን በሙቀቱ ይወሰናል። 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ቢበዛ 11 ግራም ያህል የውሃ ተን ሊኖር ሲችል፣ በ40 ዲግሪ ግን መጠኑ 51 ግራም ያህል ይደርሳል። ስለሆነም የሞቀ አየር በመስታወቱ ላይ ሲነፍስ ጠብታዎቹን መልሶ ወደ ተን ይለውጣቸዋል፤ መስታወቱንም ያሞቀዋል።

ሙቀቱ የሚገኘው ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ነው። ሙቁ ውሃ ከዳሽቦርዱ በስተኋላ ባለች አነስተኛ ራዲያተር ውስጥ ሲያልፍ፣ ማራገቢያው አየሩን በራዲያተሯ መካከል እየገፋ ወደ መስታወቱ ይልከዋል። ማራገቢያው ከቆመ ውሃው የቱንም ያህል ቢሞቅ ሙቀቱ ከዚያው አይወጣም።

ፍጥነቱ እንዴት ይለወጣል?

በአገራችን ጎዳናዎች እስካሁን በሚታዩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተሠሩ ቶዮታ ኮሮላዎችና በመሰሎቻቸው፣ የማራገቢያው ፍጥነት የሚለወጠው በሪዚስተር አማካይነት ነው። ከሞተሩ ጋር በተከታታይ የተያያዙ የሽቦ ጥቅሎች የቮልቴጁን ከፊል ስለሚወስዱ ሞተሩ በዝግታ ይሽከረከራል። ለምሳሌ የጥቅሎቹ ሙግደት 2 ኦም፣ ከረንቱም 4 አምፒር ቢሆን፣ ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት 8 ቮልት በጥቅሎቹ ላይ ይቀራል፤ ከ14 ቮልት ውስጥ ለሞተሩ የሚደርሰው 6 ቮልት ብቻ ይሆናል። በጥቅሎቹ ላይ የሚባክነው ጉልበት ደግሞ 32 ዋት ሲሆን ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለዚህም ነው ሪዚስተሩ በአየር መተላለፊያው ውስጥ የሚቀመጠው፤ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያው ራሱ ነውና።

በመጨረሻው ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ግን ከረንቱ ሪዚስተሩን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ያልፋል። ይህን የተረዳ ሰው የብልሽቱን ምልክት ለማንበብ አይቸገርም።

ምልክቱን ማንበብ

ማራገቢያው በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ፣ ሪዚስተሩ ግን የተቃጠለ መሆኑን መገመት ይቻላል። ከመካከለኞቹ ፍጥነቶች አንዱ ብቻ ከጠፋ የማብሪያው መገናኛ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። በየትኛውም ፍጥነት የማይሠራ ከሆነ በመጀመሪያ ፊውዙ ይታያል።

ፊውዙ ደኅና ከሆነ ማብሪያውን በከፍተኛው ፍጥነት ላይ አድርገን በሞተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ በቴስተር እንለካለን። 12 ቮልት ያህል ካገኘንና ሞተሩ ካልዞረ ችግሩ በራሱ በሞተሩ ውስጥ ነው። ቮልቴጁ እጅግ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ጥፋቱ በሽቦው፣ በሶኬቱ፣ በማብሪያው ወይም በማሳው ላይ ይገኛል። በብዙ የጃፓን መኪናዎች ማብሪያው የሚገኘው በማሳ በኩል ስለሆነ፣ ከሞተሩ አንድ ጫፍ ወደ ቦዲው ብቻ መለካት ሊያሳስት ይችላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነጥብ አለ። የዛገ መገናኛ 0.2 ኦም ብቻ ሙግደት ቢኖረው በተለመደው ቴስተር በኦም ሲለካ ምንም እንከን የሌለበት ሊመስል ይችላል። ሆኖም 15 አምፒር ሲያልፍበት 3 ቮልት ይወስዳል፤ 45 ዋት ሙቀትም ያመነጫል። የሶኬቱ ፕላስቲክ የሚቀልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ኔጌቲቭ ጫፍ ድረስ ያለውን ቮልቴጅ መለካት ይመረጣል፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ መንገዱን ተከትሎ መገናኛዎቹን ማጽዳት ያስፈልጋል።

ሞተሩን መጠገን

ሞተሩ በአብዛኛው የሚገኘው ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ኪስ በስተኋላ ነው። ከመፍታት በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ ማላቀቅ ይገባል። ሲመታ የሚነሣ፣ ቆይቶም መልሶ የሚቆም ሞተር ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ አልቋል። ካርቦኑ በልኩ ከተተካ፣ የሚነካው የመዳብ ክፍልም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከጸዳ ሞተሩ ዳግመኛ ሊያገለግል ይችላል። በማራገቢያው ክንፎች መካከል የገባውን ቅጠልና አቧራ ማስወገድ፣ የደረቀውን የዘንግ መቀመጫም በጥቂት ዘይት ማለስለስ ያስፈልጋል።

ይህ የጽዳት ሥራ ችላ የሚባል አይደለም። የሚሽከረከር ሞተር ራሱ ተቃራኒ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ ከረንቱን ይገድባል። ሙግደቱ 0.3 ኦም የሆነ ሞተር 9.5 ቮልት ተቃራኒ ቮልቴጅ ሲኖረው ከ14 ቮልት ምንጭ 15 አምፒር ይስባል፤ ዘንጉ ተይዞ ቢቆም ግን ተቃራኒው ቮልቴጅ ስለሚጠፋ ከረንቱ ወደ 47 አምፒር ያሻቅባል። እየከበደው የሚዞር ሞተርም በሁለት መንገድ ሪዚስተሩን ይጎዳል፦ ከረንቱን ይጨምራል፤ የሚያቀዘቅዘውን አየር ይቀንሳል። ሪዚስተሩን ብቻ ቀይሮ ሞተሩን ሳያዩ መተው እንግዲህ አዲሱንም ሪዚስተር ለቃጠሎ ማዘጋጀት ነው።

ስለ ፊውዝ አንድ ማስጠንቀቂያ

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በወፍራም ሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት የመተካት ልማድ አለ። ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳሳየው በሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በከረንቱ ስኩዌር ነው። ከረንቱ ከ15 ወደ 47 አምፒር፣ ማለትም ሦስት እጥፍ ያህል ሲጨምር፣ ሙቀቱ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። ፊውዙ በጊዜው ካልተቋረጠ በእሱ ፈንታ የሚቃጠለው ከዳሽቦርዱ በስተኋላ ያለው ሽቦ፣ ሲብስም መኪናው ራሱ ይሆናል። ስለዚህ በመኪናው መመሪያ ላይ ከተጻፈው አምፒር የሚበልጥ ፊውዝ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

በአጠቃላይ፣ አሮጌ መኪና ዕውቀትን በተግባር ለመፈተን ምቹ ቤተ ሙከራ ነው። የተቃጠለውን ዕቃ ከመቀየራችን በፊት ለምን እንደተቃጠለ ብንጠይቅ ገንዘባችንን እንቆጥባለን፤ በዝናባማ ምሽትም መንገዳችንን አጥርተን እናያለን።